በምግብ ቤት ሠራተኞች ላይ የሚደርስ የሥራ ጉዳት፣ የካሣ መብትና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

ከሻሸመኔ ተነሥቶ በሃላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሾኔን አቋርጦ ያልፋል። በሀዲያ ዞን፣ በምሥራቅ ባደዋቾ አካባቢ የምትገኘው ይህች ከተማ፣ በመንገድ ዳር እንደ ተቆረቆሩ ሌሎች ከተሞች ሁሉ፣ መንገደኛውንና ገበያተኛውን የሚመግቡ ቁርስ ቤቶች፣ ምግብ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች አሏት። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሌሎች የሀዲያና የከምባታ ከተሞችም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በእነዚህ ቤቶች የተቀጠሩ ወጥ ሠሪዎች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ዕቃ አጣቢዎች፣ ሥጋ ቆራጮችና አስተናጋጆች ከእሳት፣ ከፈላ ዘይት፣ ከስለታም ቢላዋና ከረጠበ ወለል ሳይለዩ ይውላሉ።

ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ሲጎዳ በቅድሚያ የሚደርሰው ከጤና ጣቢያ ወይም ከሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ቁስሉ ታጥቦ ይታሸጋል፤ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ቀጠሮ ይሰጠዋል። በካርዱ ላይ «የቃጠሎ ቁስል» የሚል አጭር ቃል ብቻ ተጽፎ ከቀረ ግን ሕክምናው በትክክል ቢሰጥም ሌላ ነገር ይጎድላል። ከወራት በኋላ ጣቶቹ የማይታጠፉለት ሠራተኛ ካሣ ሲጠይቅ አሠሪው፣ የሕክምና ቦርዱና ፍርድ ቤቱ የሚያገላብጡት ያንኑ ካርድ ነው። ጉዳቱ መቼ፣ የትና ምን በመሥራት ላይ ሳለ እንደ ደረሰ ካልተጻፈበት ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት በማስረጃ እጦት ሊያጣ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትን የሚመለከተውን ሕግ በአጭሩ ማስረዳትና የጤና ባለሙያው በዕለት ተዕለት ሥራው ሊፈጽመው የሚገባውን ማመልከት ነው።

በምግብ ቤት ሥራ የሚያጋጥሙ ጉዳቶች

ቃጠሎ በምግብ ቤት ሥራ ከሚጠበቁት ጉዳቶች ዋነኛው ነው። መንሥኤዎቹም ፓስቲና ሳምቡሳ የሚጠበስበት ዘይት፣ ከትልቅ ብረት ድስት የሚፈስ ወጥ፣ የቡና ማሽን እንፋሎት፣ የምጣድ ግለትና ከቡታጋዝ የሚያፈተልክ ጋዝ ናቸው። ለተቃጠለ ሰው የመጀመሪያው ርዳታ የተቃጠለውን ክፍል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ነው። ይህ ከአደጋው በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ቢደረግም ይጠቅማል። ቀለበትና አምባር ከማበጡ በፊት ሊወልቅ ይገባል። ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና መቀባት ግን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ የቁስሉንም ጥልቀት ለመመርመር ያስቸግራል።

በስለት መቆረጥ በተለይ በሥጋ ቆራጮችና በከታፊዎች ላይ ይደርሳል። በቀኙ የሚሠራ ሰው ቢላዋውን በቀኙ ስለሚይዝ የሚቆረጠው በአብዛኛው የግራ እጁ ጣት ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ የሚመስል ቁስል ጅማትንና ነርቭን በጥሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሰፋቱ በፊት የእያንዳንዱን ጣት መታጠፍና መዘርጋት፣ በጣቱ በሁለቱም ጎን ያለውንም የመዳሰስ ስሜት መመርመር ግዴታ ነው። በሥጋ መፍጫ ማሽን የተቀጠቀጠ ወይም የተቆረጠ ጣት ከሆነ፣ የተቆረጠው ክፍል በረጠበ ንጹሕ ጋዝ ተጠቅልሎና በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ፣ በረዶውን በቀጥታ ሳይነካ በበረዶ ላይ ተቀምጦ ከታካሚው ጋር መላክ ይኖርበታል።

ከእነዚህ በተጨማሪ በረጠበና ቅባት በነካው ወለል ላይ ተንሸራቶ መውደቅ፣ ከባድ ድስትና ጆንያ በማንሣት የሚመጣ የወገብ ሕመም፣ ሽቦው በተላጠ የኤሌክትሪክ ምጣድ መያዝ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ጭስ መታፈን ይገኙበታል። በመሸታ ሰዓት በሰከረ ደንበኛ የሚደበደቡ አስተናጋጆችም አሉ። ይህ የመጨረሻው በፖሊስ የሚታይ የወንጀል ጉዳይ ቢሆንም የሥራ ላይ ጉዳትም እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሕጉ ምን ይላል

ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይመረመር ሊካስ ይገባዋል የሚለው ሐሳብ በዘመናዊ መልኩ በሕግ የተደነገገው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 በጀርመን ነው። ከዚያ በፊት ሠራተኛው ካሣ ለማግኘት የአሠሪውን ጥፋት በፍርድ ቤት ማስረዳት ነበረበት፤ ይህንንም ለማድረግ ገንዘብም ምስክርም አልነበረውም። አዲሱ ሥርዓት ክርክሩን ከጥፋት ወደ ጉዳቱ አዞረው፦ ሰውየው ተጎድቷል ወይ? የተጎዳው በሥራው ምክንያት ነው ወይ? የጉዳቱስ መጠን ምን ያህል ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በከፊልም ሆነ በሙሉ የሕክምና ጥያቄዎች ናቸው።

በኢትዮጵያም ይኸው መርሕ ጸንቷል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42 በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 377፣ ይህም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1156 ተተክቷል። በአዋጁ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሠራተኛው ላይ ለሚደርሰው የሥራ ጉዳት ኃላፊ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በአሠሪው ጥፋት ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው አግባብ ባለው ሌላ ሕግ ተጨማሪ ኪሣራ የመጠየቅ መብቱ የተጠበቀ ነው።

በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋ ሲባል በወጥ ቤቱ ውስጥ የሚደርሰው ብቻ አይደለም። አሠሪው ያዘዘውን ለመፈጸም ከሥራ ቦታ ውጭ ወይም ከሥራ ሰዓት ውጭ ሳለ የተጎዳ፣ ከሥራው ጋር በተያያዘ ግዴታ ምክንያት በሥራ ቦታው ተገኝቶ ከሥራ በፊት ወይም በዕረፍት ሰዓት የተጎዳ፣ በሥራ ላይ ሳለ በአሠሪው ወይም በሦስተኛ ወገን ድርጊት የተጎዳ ሠራተኛ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። ስለዚህ ሽንኩርት ገዝቶ እንዲመጣ ወደ ገበያ የተላከና በባጃጅ የተገጨ ዕቃ አጣቢ የተጎዳው በሥራ ላይ ነው። በደንበኛ የተመታች አስተናጋጅም እንዲሁ ናት።

አሠሪው ከኃላፊነት ነጻ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ባደረሰው ጉዳት ነው። በተለይም ሠራተኛው አስቀድሞ በግልጽ የተሰጡትን የደኅንነት መመሪያዎች በመጣሱ ወይም አካሉንና አእምሮውን በሚገባ ለመቆጣጠር እስከማይችል ድረስ ሰክሮ በሥራ ላይ በመገኘቱ የደረሰ ጉዳት በዚህ ይታያል። ተራ ግድ የለሽነት ወይም መቻኮል ከእነዚህ ውስጥ አይደለም።

ስለ ቅጥር ውልም ግልጽ ሊሆን የሚገባው ነገር አለ። በትናንሽ ከተሞች የሚገኙ የምግብ ቤት ሠራተኞች ብዙዎቹ የተቀጠሩት በቃል ነው። ሕጉ ግን የሥራ ውል በጽሑፍ አለመደረጉ ሠራተኛውን መብቱን እንደማያሳጣው ይደነግጋል። በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛም ለሥራ ጉዳት ከለላ አለው። በአንጻሩ በአሠሪው መኖሪያ ቤት የቤት ውስጥ አገልግሎት ብቻ የሚሰጥ ሰው በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ከዚህ የተነሣ በባለቤቲቱ ቤት እያደረች በምግብ ቤቱ የምትሠራ ወጣት ስትጎዳ «የቤት ሠራተኛ» ተብላ መመዝገቧና «የምግብ ቤት ሠራተኛ» ተብላ መመዝገቧ ከፍተኛ ልዩነት አለው። በሙያ መጠየቂያው ቦታ በትክክል የምትሠራው ሥራና የሥራ ቦታዋ ሊጻፍ ይገባል። ዕድሜም እንዲሁ በጥንቃቄ መመዝገብ አለበት፤ አዋጁ ለሥራ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ዓመት ነው።

የክፍያው ዓይነትና ስሌት

በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ የሚያገኛቸው ጥቅሞች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሕክምና ነው። አሠሪው የመጀመሪያ ርዳታ በጊዜው የመስጠት፣ ተጎጂውን በተስማሚ ማጓጓዣ በአቅራቢያው ወዳለው የሕክምና ተቋም የማድረስና አደጋውን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የማስታወቅ ግዴታ አለበት። የአጠቃላይና የልዩ ሕክምና፣ የቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት፣ እንዲሁም አስፈላጊ ሲሆን የሰው ሠራሽ አካልና የአካል ድጋፍ ወጪ በአሠሪው ይሸፈናል።

ሁለተኛው የገንዘብ ክፍያ ነው። ለጊዜው ከሥራ ለተለየ ሠራተኛ ክፍያው ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ የሚቀጥል ሆኖ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ በተከታዮቹ 3 ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ነው።

ይህ ከተራ የሕመም ፈቃድ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በተራ ሕመም ምክንያት ከሥራ የቀረ ሠራተኛ የሚከፈለው ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለተከታዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ሲሆን ለቀሩት 3 ወራት ፈቃዱ ያለ ክፍያ ነው። ለምሳሌ ያህል በወር 2,000 ብር የሚከፈላት ወጥ ሠሪ ለ6 ወራት ከሥራ ብትለይ፣ በሕመም ፈቃድ ስሌት የምታገኘው 4,000 ብር ነው። ምክንያቱ የሥራ ላይ ጉዳት እንደሆነ ከተረጋገጠ ግን 10,500 ብር ይደርሳታል። በሕክምና ማስረጃው ላይ «በሕመም ምክንያት ዕረፍት ያስፈልጋታል» በሚለውና «በሥራ ላይ በደረሰባት ቃጠሎ ምክንያት ዕረፍት ያስፈልጋታል» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ለእርሷ የ6,500 ብር ልዩነት ነው።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ የጡረታ ዐቅድ ተሳታፊ የሆነ ሠራተኛ በጡረታ ሕጉ መሠረት የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት ያገኛል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ተጀምሮ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 የተተካ ሲሆን፣ መዋጮውም ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። በዐቅዱ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ግን ካሣውን በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ከአሠሪው ነው። ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ይከፈላል፤ ለዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት ደግሞ ከዚሁ ላይ እንደ ጉዳቱ መቶኛ ይሰላል። ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰችው ወጥ ሠሪ የዓመት ደመወዟ 24,000 ብር፣ አምስት እጥፉም 120,000 ብር ነው። የጉዳቷ መጠን 20 በመቶ ነው ተብሎ ቢወሰን 24,000 ብር ካሣ ይገባታል።

አስተናጋጆችን በተመለከተ ማስታወስ የሚገባው ሌላ ነጥብ አለ። ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ በሕጉ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። ኑሮውን በአብዛኛው በጉርሻ የሚገፋ አስተናጋጅ ሲጎዳ ክፍያው የሚታሰበው በትንሹ መነሻ ደመወዙ ነው። መሠረቱ ጠባብ ስለሆነም የዕረፍት ቀናቱና የጉዳቱ መቶኛ በትክክል መመዝገባቸው ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

የመጀመሪያው ካርድ

የጤና ባለሙያው ዳኛ አይደለም፤ ማን እንዳጠፋ የመወሰን ሥልጣንም ኃላፊነትም የለበትም። ከእርሱ የሚጠበቀው የሰማውንና ያየውን ለይቶ፣ በጊዜውና በተሟላ ሁኔታ መጻፍ ነው። በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው በመጀመሪያው ቀን ካርድ ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ) አደጋው የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም ተጎጂው ወደ ሕክምና ተቋሙ የደረሰበት ሰዓት፤

ለ) አደጋው የደረሰበት ቦታና ተጎጂው በዚያ የተገኘበት ምክንያት፤

ሐ) በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ሥራና ሥራውን ያዘዘው ሰው፤

መ) የአደጋው ሁኔታ በተጎጂው በራሱ አገላለጽ፤

ሠ) የቁስሉ ቦታ በቀኝና በግራ ተለይቶ፣ የጣቱ ስም፣ ርዝመቱና ስፋቱ በሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ፣ ቢቻልም በሥዕል፤

ረ) ተጎጂው የሚሠራበት እጅ ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ፤

ሰ) የመገጣጠሚያዎች እንቅስቃሴ፣ የጡንቻ ኃይልና የመዳሰስ ስሜት፤

ሸ) በዚያው አካል ላይ ቀደም ሲል የነበረ ጉዳት ወይም ሕመም ካለ፤

ቀ) የተሰጠው ሕክምና፣ የዕረፍት ቀናት ብዛትና የቀጠሮ ቀን።

እነዚህን ለመጻፍ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። አጻጻፉም «ሕመምተኛዋ በምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ዘይት ስታወርድ እንደተቃጠለች ገልጻለች፤ በምርመራ የታየው ጉዳት ከተገለጸው ሁኔታ ጋር ይጣጣማል» የሚል ቢሆን ይበቃል። ባለሙያው አደጋው ሲደርስ አላየምና እንዳየ አድርጎ አይጽፍም፤ ቁስሉ ከተነገረው ታሪክ ጋር ካልተጣጣመም ይህንኑ ሳይሸሽግ ያሰፍራል። የቀድሞ ጉዳትን መመዝገብም እንዲሁ ለአሠሪውም ለሠራተኛውም ፍትሐዊ ነው።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ቃላት አሉ። «ሰክሮ ነበር» የሚል አንድ ሐረግ የሠራተኛውን መብት ሙሉ በሙሉ ሊያስቀር ይችላል። በመሸታ ቤት የሚሠራ ሰው ልብሱ ላይ መጠጥ ስለ ፈሰሰበት ብቻ ሊሸት ይችላል። ስለዚህ የመጠጥ ሽታ፣ የንግግር መኮላተፍ፣ የአረማመድ መንገዳገድና የንቃት ደረጃ መኖር አለመኖራቸው አንድ በአንድ ተመርምሮ ይጻፍ እንጂ ድምዳሜ አይሰጥ። «በራሱ ጥፋት» ወይም «በግድ የለሽነት» የሚሉ ቃላትም ከሕክምና ካርድ ላይ ቦታ የላቸውም።

የቃጠሎ ስፋትና የአካል ጉዳት መጠን

በምግብ ቤት ጉዳቶች ላይ በቀላሉ ሊደባለቁ የሚችሉ ሁለት መቶኛዎች አሉ። የመጀመሪያው የተቃጠለው የሰውነት ገጽ ስፋት ነው። ይህ በዘጠኝ ሕግ፣ ማለትም ለአዋቂ ሰው ራስና አንገት 9፣ እያንዳንዱ ክንድ 9፣ የፊት ደረትና ሆድ 18፣ ጀርባ 18፣ እያንዳንዱ እግር 18፣ ብልት አካባቢ 1 በመቶ ተብሎ ይሰላል። ለትናንሽ ቃጠሎዎች የታካሚው መዳፍ ከነጣቶቹ 1 በመቶ ያህል ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ መቶኛ የሚያገለግለው ፈሳሽ ለመተካትና ሪፈር ለመወሰን ነው።

ሁለተኛው የአካል ጉዳት መጠን ሲሆን ይህ ሕክምናው ካበቃ በኋላ የቀረውን ጉድለት የሚያሳይና ካሣ የሚታሰብበት ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። በደረትና በሆድ ላይ 15 በመቶ የሆነ ጥልቀት የሌለው ቃጠሎ ያለ ምንም ጉድለት ሊድን ይችላል። በሌላ በኩል የአንድ እጅ ቃጠሎ ከሰውነት ገጽ ከ3 በመቶ በታች ቢሆንም፣ ጠባሳው ጣቶቹን ካኮማተራቸው ወጥ ሠሪዋን ከሙያዋ ሊያስወጣት ይችላል። ስለዚህ በማስረጃው ላይ «15 በመቶ» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ የተቃጠለው የሰውነት ገጽ ስፋት መሆኑ በግልጽ ይነገር።

ይህ ዓይነቱ የእጅ መኮማተር በብዙው መከላከል የሚቻል ነው። የተቃጠለ እጅ ከፍ ተደርጎ ይያዝ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተለይተው ይሸፈኑ፤ የእጅ አንጓው ወደ ኋላ ቀና፣ የጣቶቹ ሥር መገጣጠሚያዎች የታጠፉ፣ ጣቶቹ ራሳቸው የተዘረጉ ሆነው በድጋፍ ይታሰር፤ እንቅስቃሴም በጊዜ ይጀመር። ጥልቅ የሆነ የእጅ፣ የፊትና የመገጣጠሚያ ቃጠሎ በጤና ጣቢያ ሊቆይ አይገባም፤ ወደ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም የቀዶ ጥገና አገልግሎት ወዳለበት ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ለዚህ የሚታወቅ ነው።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው፣ የመሥራት ችሎታን ባያሳጣም ከባድ የመልክ መበላሸት ያስከተለ ጉዳት በሕጉ እንደ ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት የሚቆጠር መሆኑ ነው። ፊቷ በእንፋሎት ተቃጥሎ ጠባሳ የቀረባት አስተናጋጅ እጆቿ ደኅና ስለሆኑ ብቻ «ጉድለት የላትም» ሊባል አይገባም። በታካሚዋ ፈቃድ የሚነሣ ፎቶግራፍ ለዚህ ጠቃሚ ማስረጃ ነው።

የሕክምና ቦርድና የጊዜ ጉዳይ

የዘላቂ ጉዳትን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ቦርዱም በመመሪያ በወጣው የአካል ጉዳት መጠን መወሰኛ ሰንጠረዥ እየተመራ፣ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ12 ወራት ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል። ስለሆነም በጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ በግምት መቶኛ ከመጻፍ ተቆጥቦ፣ የተሟላ የሕክምና ታሪክ ይዞ ወደ ቦርድ እንዲቀርብ መላክ ይገባዋል።

ጊዜው በሁለቱም በኩል ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቃጠሎ ጠባሳ ለመርጋት አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ ቁስሉ በደረቀ ማግሥት የሚሰጥ ውሳኔ የመጨረሻውን ሁኔታ አያሳይም። እጅግ የዘገየ እንደሆነ ደግሞ ጊዜያዊ ክፍያው በ12 ወራት ያበቃል፤ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለክስ የተቀመጠው አጠቃላይ የይርጋ ጊዜም አንድ ዓመት ብቻ ነው። ታካሚው ቁስሉ ሲደርቅ መምጣቱን እንዳያቆም፣ በተወሰነ ጊዜ እየተመለሰ የእንቅስቃሴው መጠን እንዲለካና እንዲመዘገብ ቀጠሮ መስጠት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። «ድኗል፤ ወደ ሥራ ይመለስ» የሚል ወረቀት ጊዜያዊ ክፍያውን የሚያቋርጥ በመሆኑ፣ ቁስሉ በመዳኑና ሠራተኛው መሥራት በመቻሉ መካከል ያለው ልዩነት ተመዝኖ ሊሰጥ ይገባል።

በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ

ሕጉ አደጋን ብቻ ሳይሆን በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ይሸፍናል። እጃቸው ቀኑን ሙሉ በሳሙናና በበረኪና ውኃ ውስጥ የሚውል ዕቃ አጣቢዎች ቆዳቸው ይሰነጣጠቃል፣ ያሳክካል፣ ይቆስላል። በማገዶ ጭስ ውስጥ ለዓመታት የጋገሩ ሴቶች ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል ሕመም ይይዛቸዋል። ዱቄት የሚያቦኩ ሰዎች አስም ሊነሣባቸው ይችላል። በእነዚህ ላይ ወሳኙ ጥያቄ «ሥራሽ ምንድን ነው? ከስንት ጊዜ ጀምሮ? በዕረፍትሽ ቀን ይሻልሻል?» የሚለው ነው። በዕረፍት ቀን የሚሻልና ወደ ሥራ ሲመለሱ የሚያገረሽ ሕመም መንሥኤው ከሥራው መሆኑን ይጠቁማል፤ ይህም በካርዱ ላይ መስፈር አለበት።

በተግባር የሚያጋጥሙ ችግሮች

በትናንሽ ከተሞች አሠሪውና ሠራተኛው የሚተያዩት እንደ ዘመድ ነው። ሠራተኛይቱ አሠሪዋን «እትዬ» ወይም «ጋሼ» እያለች ትጠራለች፤ በቤቱ ትበላለች፣ ታድራለች። ስትጎዳም ብዙውን ጊዜ ወደ ሕክምና የሚያመጣት አሠሪዋ ሲሆን፣ ታሪኩን የሚናገረውም እርሱ ይሆናል። «ቤት ውስጥ ውኃ ተደፋባት» ከተባለ እርሷ በፊቱ ለማስተባበል ትቸገራለች። ስለዚህ ታካሚዋን ለብቻዋ መጠየቅ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ ወይም ወላይትኛ ብቻ የምትናገር ከሆነም ከአሠሪው ሌላ አስተርጓሚ መፈለግ ያስፈልጋል።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ተያያዥ ጥያቄ ያስነሣል። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው ይህ መድን የቤተሰቦችን የሕክምና ወጪ የሚያቃልል ነው። የሥራ ጉዳትን የማሳከም ግዴታ ያለበት ግን አሠሪው ነው። ተጎጂዋ በቤተሰቧ የመድን ደብተር ብትታከም እንኳ፣ ሕክምናው ሳይጓተት፣ የጉዳቱ ምክንያት ሥራ መሆኑ በካርዱ መመዝገብ አለበት።

የሽምግልና ባህልም አለ። አሠሪው የሕክምናውን ወጪ ሸፍኖና ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ ጉዳዩ በሽማግሌዎች እንዲዘጋ መደረጉ ሰላምን የሚያመጣ መልካም ልማድ ሊሆን ይችላል። አደጋው በደረሰ በሁለተኛው ሳምንት የሚደረግ ዕርቅ ግን የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ የሚደረግ ነው። ባለሙያው በሽምግልናው ጣልቃ ሳይገባ፣ ለታካሚዋ «ጠባሳው ገና አልረጋም፤ እጅሽ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የምናውቀው ከወራት በኋላ ነው» ብሎ እውነቱን መንገር ይችላል፤ ይገባዋልም። መብቷን በተመለከተ በአካባቢው ወዳለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚከታተለው ጽሕፈት ቤት እንድትሄድ ማመልከትም ከሙያው ድንበር አያልፍም።

በመጨረሻም የሕክምና ምስጢር ለሠራተኛም ይጠበቃል። አሠሪው ሊያውቅ የሚገባው ጉዳቱንና የዕረፍቱን ጊዜ እንጂ በምርመራ የተገኙ ሌሎች ሕመሞችን አይደለም። በሌላ በኩል ለርኅራኄ ሲባል የተጋነነ ወይም የኋላ ቀን የተጻፈበት ማስረጃ መስጠት በሕግ የሚያስጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ የሌሎችን እውነተኛ ተጎጂዎች ማስረጃ ያስጠረጥራል።

ማጠቃለያ

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች እንደ አንዱ ተቀብሏል። በሾኔም ሆነ በሌላ ከተማ ባለ ምግብ ቤት ይህ መብት የሚጀምረው ከደረቀ ወለል፣ መያዣው ከጸና ድስት፣ ቱቦው ካላረጀ ቡታጋዝና ጭስ ማውጫ ካለው ወጥ ቤት ነው። ጤና ጣቢያዎች የሥራ ላይ ጉዳቶችን ለይተው ቢመዘግቡ፣ በየትኛው ዓይነት ሥራ ላይ ምን ዓይነት አደጋ እንደሚበዛ ስለሚታወቅ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ምግብ ቤቶችን ሲጎበኙ ከንጽሕና ጎን ለጎን የሠራተኛውንም ደኅንነት ሊመለከቱ ይችላሉ።

አደጋ በደረሰ ጊዜ ግን ሠራተኛው የሚጠብቀው ሕክምና ብቻ አይደለም። የጽሑፍ ውል የሌለው፣ ደመወዙ ትንሽ የሆነና ምስክር የሚሆነው ሰው ያጣ ሠራተኛ የሚተማመንበት ማስረጃ በሕክምና ተቋሙ ያለው ካርድ ነው። ያንን ካርድ በእውነትና በተሟላ ሁኔታ መጻፍ የሕክምናው አካል ነው።